እማዬ ያለ መርፌ የታየችበት የዓይን ምርመራ

ለእረፍት ሀገር ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት እማዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ስኳር ከጀመራት 14 ዓመቷ ነው። በስልክ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብዥ ይልብኛል እንጂ" እያለችኝ ነው የከረመችው። ያቺ "ትንሽ" እንቅልፍ ስትነሳኝ ነበር።

እምቢ ብላ የቆየችበት ምክንያት አላት። ከአምስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ የዓይኗን የደም ሥሮች ለማየት ፍሎረሲን የሚባለውን ቀለም በክንዷ ተወግታ ነበር። አስመለሳት፣ ቆዳዋ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷም እስከ ማግስቱ ቀለሙ ተለውጦ ዋለ። ቀለሙ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ይሄ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ግን አስቀድሞ የነገራት ሰው ስላልነበረ የምትሞት ነው የመሰላት። በቀለም የሚደረገው ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያለ፣ ብዙ ዓይን ያተረፈ ነው። ያስቀየማት ዘዴው ሳይሆን ዝም መባሏ ነው።

የዘንድሮው ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ይባላል፤ የዓይንን የደም ሥሮች በብርሃን ብቻ የሚያነሳ ምርመራ ነው። መርፌ የለውም፣ ዓይንም አይነካም። ሐኪሟ እንዴት እንደሚሠራ ለእማዬ ሲያስረዱ እኔም አብሬ ተማርኩ። ማሽኑ ዓይን ውስጥ ብርሃን ይልክና ያንኑ ቦታ በቅጽበት ደጋግሞ ያነሳዋል። "ወንዝ ዳር ቆሞ ፎቶ እንደማንሳት ነው" አሏት፣ "ድንጋዩ በሁሉም ፎቶ ላይ ያው ነው፣ ውሃው ግን በየፎቶው ይለያያል።" ውሃው የተባለው በደም ሥር ውስጥ የሚሄዱት ቀይ የደም ሴሎች ናቸው። ማሽኑ የተለዋወጠውን ብቻ ለይቶ የደም ሥሮቹን ካርታ ያወጣል፤ ያውም የላይኛውንና የታችኛውን ንብርብር ለየብቻ፣ ይሄን ደግሞ ቀለሙ እንደዚህ ለያይቶ አያሳይም።

ማንሻው ክፍል ግን አናደደኝ። የመጀመሪያው ቴክኒሻን አገጯን አስደግፎ "አይንቀሳቀሱ" ብቻ ብሎ ጀመረ። ስታርገበግብ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፣ ዓይኗ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ነጭ መስመር። ሁለቴ ተበላሸ። እሷም ጥፋቱ የሷ መስሏት አንገቷን ደፋች። ኋላ አንዲት ልጅ መጥታ "እናቴ፣ መጀመሪያ ደጋግመው ያርገብግቡ፣ ከዚያ ምልክቷን ብቻ ይዩልኝ፣ እኔ እቆጥራለሁ" አለቻት። በአንድ ጊዜ አለቀ። ያቺን ልጅ እግዜር ይስጣት።

ከዚያ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እማዬ አዞሩላት። በጤነኛ ዓይን ላይ መሐል ለመሐል የደም ሥር የሌለባት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የምትሆን ትንሽ ክብ ቦታ አለች። የእማዬ ሰፍታለች፣ ጠርዟም ተሸራርፏል። ዙሪያዋን ደም የማይደርስባቸው ጥቋቁር ቦታዎች አሉ። ሐኪሟ አልደበቁም፣ አላስፈራሩም። የጠቆረ ሁሉ የተዘጋ ሥር እንዳልሆነ ነገሯት፤ የዓይን ሞራ ብርሃኑን ሊጋርደው ይችላል፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ደምም ላይያዝ ይችላል። ደግሞ ይሄ ምርመራ ከደም ሥሮቹ የሚያፈሰውን ፈሳሽ አያሳይም። ፈሳሹ እብጠት አምጥቶ እንደሆነ ለማየት የሬቲናውን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን፣ ውፍረት በተለመደው ኦሲቲ ለኩላት። ቀለሙ አንድ ቀን ሊያስፈልግ እንደሚችልም ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። እኔ ሰው የማምነው እንዲህ ሲያወራኝ ነው።

ቅሬታዬ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። የሰጡን አንዲት ደብዛዛ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ነች። ምስሉን በፍላሽ ስጠይቅ "አይሰጥም" ተባልኩ፣ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ ሐኪሟ ራሳቸው አዘዙልኝ። ለምን እንዲህ ታከርሪያለሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ የዚህ ምስል ትልቁ ጥቅም ከቀጣዩ ጋር ሲነጻጸር ነው። ያ ጥቁር ቦታ ሰፋ ወይስ ባለበት ነው? ይሄን ለማወቅ የድሮው በእጅ መኖር አለበት፤ በተቻለ መጠን ደግሞ በዚያው ዓይነት ማሽን፣ በዚያው ስፋት መነሳት አለበት። 3 በ3 ሚሊ ሜትር የተነሳው ከ6 በ6ቱ ጋር እኩል አይታይም። ስለዚህ እናንተም ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ፋይሉን ጠይቁ፣ የማሽኑን ዓይነትና ስፋቱን አጽፉ፣ ቅጂውን እናንተም ጋ አስቀምጡ።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ አልኖርም፣ እህቴ ትወስዳታለች። ኤርፖርት ስንሰነባበት እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ያችኛዋ ልጅ ናት አይደል የምታነሳኝ?"