ዓሣ አጥማጁ ወይስ ጎልፍ ተጫዋቿ?

«ማንስ ፌቨሪት ስፖርት» እና «ፓት ኤንድ ማይክ» ሁለቱም የድሮ የሆሊውድ የስፖርት ኮሜዲ ፊልሞች ናቸው። ፍቅርም ማስመሰልም አለባቸው። እኔ ግን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

በዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስ «ማንስ ፌቨሪት ስፖርት» (1964) ሮክ ሃድሰን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሻጭ ነው። ስለ ማጥመድ መጽሐፍ ጽፎ ስሙ ገንኗል። በሕይወቱ ግን አንድም ዓሣ አጥምዶ አያውቅም! ፓውላ ፕሬንቲስ የምትጫወታት አቢጌል ይህን ሳታውቅ ውድድር ውስጥ ታስገባዋለች። ከዚያ ጉድ ይፈላል። ዓሣ የሚይዘውም በአጋጣሚ ነው። ያስቃል፤ ሁለት ሰዓት ግን ለዚህ ታሪክ ይበዛበታል።

የዳይሬክተር ጆርጅ ኪውከር «ፓት ኤንድ ማይክ» (1952) ጥቁርና ነጭ ነው። ካትሪን ሄፕበርን ስፖርተኛዋን ፓትን ሆና ትሠራለች። ጎልፉንም ቴኒሱንም የምትጫወተው ራሷ ናት፤ ይህም በደንብ ያስታውቃል። ፓት ጎበዝ ናት፤ እጮኛዋ ቆሞ ሲያያት ግን እጅ እግሯ ይተሳሰራል። በአንድ የቴኒስ ግጥሚያ ላይ መረቡ በዓይኗ እያደገ፣ ራኬቷ እያነሰ ይሄዳል። ይህን ትዕይንት በጣም እወደዋለሁ። ጭንቀቷን ማንም ሳያብራራው እናየዋለን። ስፔንሰር ትሬሲ የሚጫወተው ማናጀሯ ማይክ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ገንዘብ ነው። ፍቅሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ለዚህም ነው የሚያሳምነው።