የግራ እጄን ትርታ ፈልገው ላጡት ሲስተር

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ «ሲስተር» ብቻ እላቸዋለሁ። በተመላላሽ ክፍል ግፊትና ሙቀት የሚለኩ ነርስ ናቸው። በሽታዬን መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ያገኙትም በጣታቸው ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ተንከራትቻለሁ። ይደክመኛል፣ ማታ ማታ ያተኩሰኛል፣ ኪሎዬም ቀነሰ። አንገቴን በግራ በኩል ስነካው ያመኛል። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ክንዴ ነበር። ግራኝ ነኝ። ጸጉሬን ላበጥር እጄን ሳነሳ ገና ሁለት ሦስቴ እንኳ ሳላበጥር ክንዴ ዝልል ይላል። አውርጄ ሳሳርፈው ይተወኛል። አንዳንዴ ጭራሽ ያዞረኝና ግድግዳ እይዛለሁ።

በየሄድኩበት «ጭንቀት ነው»፣ «ደም ማነስ ነው» ተባልኩ። አንድ ቦታ የግፊት ማሽኑ ግራ ክንዴ ላይ ቁጥር አላወጣ አለ። ሦስት ጊዜ ሞክረው «ተበላሽቷል» አሉና ወደ ቀኙ አዞሩት። ቀኙ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ28 ዓመቴ ግፊት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እስካሁን ድረስ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሲስተር ጋ የሄድኩት ራስ ምታት ይዞኝ ነው። ማሽኑ ያንኑ ነገር ደገመው። እሳቸው ማሽኑን ገፋ አደረጉና በእጅ የሚነፋውን አወጡ። ቀኙ 160 በ95፣ የግራው የላይኛው ቁጥር ደግሞ 90 አካባቢ፣ ያውም በመከራ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቼን አንድ ላይ ያዙ። ጣቶቻቸውን ከአውራ ጣቴ ሥር አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነው። አልቸኮሉም። በግራ በኩል ጣታቸውን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እያደረጉ ፈለጉ።

«ልጄ፣ ግራው ላይ ትርታ አጣሁ። እንዲህ ሆነሽማ ወደ ቤት አልሰድሽም» አሉኝ። ካርዴን ይዘው ራሳቸው ዶክተሩ ጋ አስገቡኝ።

ዶክተሩ ማዳመጫውን ግራ አንገቴ ሥር አሳረፉ። ቆይተው ለእኔም ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ሹ... ሹ... ይላል። ደም በጠበበ ቧንቧ ሲሽሎከለክ የሚያሰማው ድምፅ ነው አሉኝ። በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ያነሳኝን ልጅም እግዜር ይስጥልኝ፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ አስረዳኝ። የአንገቴ ደም ቅዳ ግድግዳ ዙሪያውን ወፍሯል፣ መሃሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ቀርቷል። ሐኪሞች ይህንን «የማካሮኒ ምልክት» ይሉታል።

በሽታው ታካያሱ አርተራይተስ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1908 እ.ኤ.አ. በአንዲት የ21 ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ የተለወጡ የደም ሥሮችን ካሳወቁት ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ከሚኪቶ ታካያሱ ነው። «ትርታ አልባው በሽታ»ም ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው፣ ያውም ከ40 ዓመት በታች ያሉትን። የሰውነት መከላከያ በገዛ ራሱ ትልልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ላይ ይነሳል። ዋናው ቧንቧ አኦርታና ከእሱ የሚወጡት ቅርንጫፎች ይቆጣሉ። ግድግዳቸው ይወፍርና ውስጡ ይጠባል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ግድግዳው ይሳሳና ይነፋል። ወደ አንጎል የሚሄደው ከጠበበ ስትሮክ ያመጣል። አኦርታ ከልብ በሚወጣበት በኩል ከሰፋ የልብ በር በደንብ አይገጥምም፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።

የእኔ ግራ ክንድ ቧንቧ ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። እጄ ያልሞተው መጥበቡ ቀስ ብሎ ስለመጣ ነው፤ ሰውነቴ በትንንሽ የደም ሥሮች አቋራጭ መንገድ ሠርቶለታል። ማዞሩም ምክንያት ነበረው። ክንዴ ሲሠራ ደም ያንሰውና ወደ አንጎል መሄድ ካለበት ቧንቧ ይሻማል። የደም ቧንቧዎችን የሚያሳየው የሲቲ አንጂዮግራፊ ምርመራ ደግሞ የግራ ኩላሊቴ ቧንቧም መጥበቡን አሳየ። ኩላሊት ደም ሲያንሰው ግፊት የሚጨምር ሆርሞን ይለቃል። ያ ሁሉ ግፊት ከዚያ ነበር። በግራ ክንዴ ብቻ ቢለካ ኖሮ ግፊቴ ዝቅተኛ ነው ተብዬ እሸኝ ነበር።

አሁን እንዲህ ያሉ በሽታዎችን የሚያክሙ የሩማቶሎጂ ሐኪም ይከታተሉኛል። ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ተጀመረልኝ፣ ከዚያ የሰውነት መከላከያን የሚገታው ሜቶትሬክሴት ተጨመረ። እሱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። እርግዝና ላሰበች ሴት ስለማይሆን አስቀድማ ለሐኪሟ መናገር አለባት። የጠበበውን በባሉን ማስፋትም አለ፣ ግን ከተቻለ ቁጣው ከበረደ በኋላ ነው የሚሻለው ተባልኩ።

በሦስተኛው ወር ፊቴ አብጦ መስታወት ማየት አስጠላኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ልተወው ወስኜ ነበር። ለግፊት ስሄድ ለሲስተር ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «በአንዴ ከተውሽው ሰውነትሽ ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ረስቷልና ትወድቂያለሽ። ሐኪምሽ ቀስ እያሉ ይቀንሱልሽ» አሉኝና በዚያው ቀን ሐኪሜ ጋ አስቀርበውኝ ሄዱ። ካርዴ ሽፋን ላይም በቀይ እስክሪብቶ «ግፊት በቀኝ ክንድ ይለካ» ብለው ጻፉልኝ። ሌላ ቦታ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ሲስተርን የምጠቁመው እንዲህ ላሉ ሰዎች ነው። በወጣትነታችሁ ግፊት የተገኘባችሁ፣ እጃችሁን ስታነሱ የሚዝልባችሁ፣ ማሽን አንድ ክንዳችሁ ላይ ቁጥር የማያወጣላችሁ። እሳቸው ጋ መድረስ ካልቻላችሁ ባላችሁበት ያለውን ነርስ «በሁለቱም ክንዴ ይለኩልኝ» በሉ፣ ትርታችሁንም በሁለቱም እጅ አስነኩ። የ10 ቁጥር ልዩነት ካለ በድጋሚ ይለካ፤ ልዩነቱ ከጸና ለሐኪም ይነገር። የደም ምርመራው ደህና ነው ቢባልም በዚያ ብቻ አትመለሱ። ይህ በሽታ ቁጣን የሚያሳዩት የደም ምርመራዎች፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ደህና ሆነው እንኳ ውስጥ ለውስጥ ሊሠራ ይችላል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ፣ በጆሮ ግንዱ አካባቢ አዲስ ራስ ምታት ከጀመረው፣ ሲያኝክ መንጋጋው ከደከመው ወይም ዓይኑ ብዥ ካለበት በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። የዚህ በሽታ ዘመድ የሆነ ሌላ የደም ቧንቧ ቁጣ አለ፣ በድንገት ዓይን ያጠፋል።

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮዬ ነበር። ቀኙ 124 በ78። ሲስተር እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። ግራው አሁንም አይሰማም፤ ላይመለስም እንደሚችል ነግረውኛል። ጸጉሬን ግን እስከ ጫፉ አበጥሬ ነው የሄድኩት፣ በራሴ እጅ። አይተው ፈገግ አሉ።

ሲስተር፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች ብለውኛል። ያን ቀን ወረፋውን አስቁመው እጄን ስለያዙልኝ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።