አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ፦ ያለውን ማሳደስ ወይስ ያገለገለ መግዛት?

ማርሹ ዲ ላይ ገብቷል፣ ነዳጅ ይረገጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ይለግማል። እንዲህ የሆነ ኮሮላ ጋራዥ ሲደርስ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ካምቢዮው አልቋል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚያንገበግበኝ ግን ዘይቱ እንኳ ሳይታይ ሲሰጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መኪና ማቆየት ግድ ሆኖብናል፤ በግምት ካምቢዮ የሚገዛበት ጊዜ አይደለም።

ለንጽጽሩ የያዝኩት ባለ 4 ማርሹን ዩ341ኢ የሚባል ካምቢዮ ነው፤ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለው እሱ ነው። ከፊትዎ ሦስት መንገድ አለ፦ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ እየሠራ የዘይቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) እና ዘይት ብቻ መቀየር፣ ካምቢዮውን አስወርዶ ማሳደስ፣ ወይም ያገለገለ ገዝቶ ማስገጠም።

ከመምረጥዎ በፊት መኪናውን ትንሽ ነድተው ዘይቱን ያሙቁት። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ይዘው፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈው ፒ ላይ ይመልሱትና የዘይት መለኪያውን ያውጡ። ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ ያድርጉት። ቀላ ብሎ ጥርት ካለ ደግ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ውስጥ ያሉት፣ ማርሹን እየያዙ የሚለቁት የፍሪሲዮን ዲስኮች እየተበሉ ነው። ወተት የገባበት ሮዝ ነገር ከመሰለ ግን የራዲያተር ውሃ ገብቷል፤ በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነውና ያ ቱቦ ሲበሳ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ውሃ ደግሞ የዲስኩን ሽፋን ከብረቱ ያላቅቃል። ራዲያተራችንን በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ስለለመድን ዝገቱ ይህን ቱቦ ሲበላው የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ፍሬኑን ይርገጡና ከኤን ወደ ዲ ያስገቡ፤ ካምቢዮው መያዙን የሚነግርዎ ነቅነቅታ እስኪሰማ ሰዓት ይያዙ። ቶዮታ የሚፈቅደው ለዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ ለአር ከ1.5 ሰከንድ በታች ነው። ከዚያ በላይ ካስጠበቀ የዘይት ግፊቱ ደክሟል፣ ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል።

በኮምፒውተር ሲመረመር ፒ0750 የሚባል የብልሽት ኮድ ከወጣ ነገሩ ወደ አንዱ የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይድ ነው፤ ፒ0741 ከሆነ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው ወደሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ። ቁጥሩ የችግሩን ሰፈር ይጠቁማል እንጂ የሞተውን ዕቃ አይለይም። ሽቦው ተቆርጦ ቢሆንም ያው ፒ0750 ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሶሌኖይዱ በመልቲሜትር ይለካ፤ የማርሽ መቀየሪያዎቹ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 15 ኦም ማሳየት አለባቸው።

በመጨረሻ ከሥር ያለው የዘይት መያዣ ይፈታ። ሲፈታ እዚያው ይቁሙ፣ በስልክ የሚላክልዎ ፎቶ አይበቃም። መያዣው ውስጥ ማግኔቶች አሉ። በላያቸው ላይ እንደ ስስ ጭቃ የሚለጠፍ ግራጫ ብናኝ የማንኛውም የሠራ ካምቢዮ ነው፣ አያስደንግጥዎ። በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። ጥቁር ቅርፊት የመሰለ ነገር ካገኙ ደግሞ የዲስክ ሽፋን ነው።

ዘይቱ ቀይ ሆኖ፣ ማግኔቱ ላይ ብናኝ ብቻ ኖሮ፣ የሶሌኖይዱ ልኬት ከተበላሸ መጀመሪያውን መንገድ ይያዙ። ካምቢዮው ሳይወርድ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ዘይቱ ተቃጥሎ ሳለ ግን «ዘይት ብቻ እንቀይርና እንየው» ከተባሉ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ያለቀ ዲስክ በአዲስ ዘይት አይመለስም።

ዋናው ምርጫ በማሳደስና ያገለገለ በመግዛት መካከል ነው። ያገለገለው ሁለት ጥሩ ጎን አለው፦ መኪናው ቶሎ ይነሳል፣ ጥርስና ኩሽኔታ ተሰብሮ ከሆነም አብሮ ይፈታል። ጉዳቱ ሆዱን አለማወቅዎ ነው። ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ስንት ወር ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ከሻጩ አፍ ሌላ ማስረጃ የለም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ ያምናውን ይዘው ገበያ አይውጡ።

በእድሳት ጊዜ የሚገባውን ዕቃ በዓይንዎ ያያሉ። ዲስኮች፣ ማገጃ ጎማዎች፣ ፊልትሮና ጋስኬት በሙሉ አዲስ ይሁኑ። በዲስኮቹ መካከል የሚገባው ልሙጥ ብረት በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ እሱም ይቀየር። ቅርፊትና ስባሪ በወጣበት ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተሩን መልሶ መግጠም ግን አዲሱን ዲስክ በአሮጌ ቆሻሻ ማስጀመር ነው፤ ካልተቀደደ በስተቀር ውስጡ በደንብ አይታጠብም። እድሳት ጊዜ ይወስዳል፣ የሠሪውን እጅም ይጠይቃል። እንደዚያም ሆኖ ለዚህ ባለ 4 ማርሽ፣ የጥርስ ድምፅና የብረት ስባሪ ከሌለ፣ እኔ የምመርጠው ማሳደስን ነው። ስባሪ ከወጣ ያገለገለውን።

በ2014 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለው ሲቪቲ ሌላ ነገር ነው። በማርሽ ፈንታ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ አለው። ቀበቶው ተንሸራቶ ፑሊውን ከጫረ ማሳደስ አያዋጣም፤ ሙሉውን ይቀይሩ። ተራ የአውቶማቲክ ዘይትም አይገባበትም፣ የራሱ የሲቪቲ ዘይት አለው።

ያገለገለ ከገዙ በካምቢዮው ላይ ያለውን ኮድ ከመኪናዎ የፋብሪካ መለያ ሰሌዳ (ከታርጋው ሳይሆን) ጋር ያመሳክሩ፤ ካምቢዮው የወጣበት ሞተርም ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ይጠይቁ። ቶርክ ኮንቨርተሩ አብሮ ይምጣ። ትንሽ ዘይት አስቀድተው እዚያው ሶፍት ላይ ይሞክሩት። ተገጥሞ ካልሠራ የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ያስፈርሙ። ሲገጠም ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ይታጠቡ፤ ውሃ ገብቶ ከነበረ ራዲያተሩ ሳይቀየር አይነሳ። የካምቢዮውና የሞተሩ ቡሎኖች ከመጥበቃቸው በፊት ቶርክ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው መግባቱን መካኒኩ ለክቶ ያሳይዎት። ሳይገባ በቡሎን ከተጨመቀ የዘይት ፓምፑን ይሰብረዋል፣ ካምቢዮውም ሳይነዳ ተመልሶ ይወርዳል።