አንድ ድራማ፣ ሁለት ተመልካች፦ ሐሙስ ማታና እሑድ ከሰዓት

በርሊን መኖር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ወደ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች፣ ማለትም ስለ ማረፊያው፣ ስለ ትራንስፖርቱና ስለ ባንኩ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡ ወገኖች ይጠቅማል በሚል የመጻፍ ልማድ አለኝ። ዘንድሮ ግን ከሦስት ሳምንት ቆይታዬ መርጬ የምጽፈው በአዲስ አበባ መሃል በሚገኝ አንድ አዳራሽ ሁለት ጊዜ ስለተመለከትኩት፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን ኑሮ ስለሚያሳይ የመድረክ ድራማ ብቻ ነው። በአዳራሹ አገልግሎት ላይ ቅሬታ ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም፤ የድራማውን ርእስ ብጠቅስ አዳራሹ መታወቁ ስለማይቀር እሱንም ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ሐሙስ ዕለት ነው። ትኬት የሚቆረጠው በር ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ብቻ ሲሆን፣ የፊት ወንበር 300፣ የኋላው 200 ብር ነበር። በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ የወንበር ቁጥር ግን የለም፤ ቀድሞ የደረሰ መርጦ ይቀመጣል። 11፡30 ይጀምራል የተባለው ትርኢት የተጀመረው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ለመዘግየቱ ምክንያት የሰጠን ሰው አልነበረም። ተመልካቹም አልጠየቀም። እኔ ብቻ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው “ከውጭ ነው የመጡት?” አሉኝ።

ድራማው በአንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩና አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት ወጣት ሴቶችን ይከተላል። ከእነሱ ሌላ፣ በሰዓት የሚሰፋውን ሸሚዝ ቁጥር እየጠራ በመስመሩ መሃል የሚመላለስ ሱፐርቫይዘር፣ እንዲሁም በድሮው የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አርጅተው አሁን እዚህ የስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ እናቷን ተክተው ያሳደጓት ጎረቤት ሲሞቱ ለቀብር ሄዳ አንድ ቀን ከሥራ ትቀራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይፈቅዳል፤ ጎረቤት ግን የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ስላልሆነ ቀኗ እንደ ቀረች ይቆጠርና በወር የምታገኘው የመገኘት ጉርሻ ይሰረዝባታል። በሦስተኛው ገቢር አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ ፋብሪካው ትእዛዝ ያጣል፣ መስመሮቹም አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ደራሲው ይህን ሁሉ የጻፈው በቋንቋ ተጠቦ ነው፤ ሴቶቹ ማታ ማታ ክፍላቸው ውስጥ ሲያወሩ ንግግራቸው ቤት ይመታል፣ ሰምና ወርቅ ይዞ ይሄዳል፣ ክሩና መርፌው ሁሉ ምሳሌ ይሆናል።

የሐሙሱ ተመልካች ያጨበጨበው ለዚህ ቋንቋ ነው። ከልብሱና ከጨዋታው እንደገመትኩት አብዛኛው ከቢሮ የወጣ ሰው፣ የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ለእረፍት የመጣ ነበር። አንዷ ተዋናይት ስለ መርፌ ዓይንና ስለ ሰው ዓይን የምትናገረው ረጅም መነባንብ ሲያልቅ አዳራሹ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ፤ ከኋላዬም “ቅኔ ነው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷ የደመወዝ ወረቀቷን የምታነብበት ትዕይንት ግን በዝምታ አለፈ። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ዝምታውን ከሐዘን ቆጠርኩት። ከአዳራሹ የወጣሁትም በጨዋነቱ የበርሊንን ተመልካች የሚያስንቅ ሕዝብ አየሁ እያልኩ ነበር። አንድ ሰውዬ ስልካቸው ጮኾ “ቴአትር ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውል” እስኪሉ ድረስ በእርጋታ ማውራታቸውን ግን አልረሳሁም፤ አስተናባሪዎቹ አልተቆጧቸውም።

ያደግሁት አቃቂ ነው። አክስቴ ከወጣትነታቸው ጀምረው ጡረታ እስኪወጡ በፈትል ክፍል ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሌሊት ገብተው ጠዋት ሲመለሱ ፀጉራቸው ላይ የሚቀረውን የጥጥ ብናኝ በማበጠሪያ የምናወጣላቸው እኛ ነበርን። ስለ ድራማው ስነግራቸው “ሰው ስለ ፋብሪካ ገንዘብ ከፍሎ ያያል?” ብለው ሳቁ፤ ቢሆንም እሑድ ለ8 ሰዓቱ ትርኢት አብረውኝ መጡ። ወጪውን ለመቀነስ ብለው የኋላ ወንበር ካልሆነ አልቀመጥም ስላሉ ከኋላ ተቀመጥን፤ በዚህም ምክንያት ከፊት ሆኜ ላየው የማልችለውን አየሁ።

እሑድ የመጣው ሌላ ሕዝብ ነው። ከኋላ ያሉት ረድፎች በቡድን በቡድን በመጡ ወጣት ሴቶች ተሞልተው ነበር፤ ከመካከላቸው ከቦሌ ለሚ ፓርክ የመጡ መሆናቸውን ራሳቸው የነገሩን ስድስት ልጆች ከእኛ ረድፍ ነበሩ። ቆሎ ይዘዋል። መጋረጃው ተከፍቶ የመኪናው ድምፅ ከቴፕ እንደተለቀቀ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ይኼማ የሽመና መኪና ነው፤ ልጆቹ የሚሰፉት ሌላ፣ የሚጮኸው ሌላ” አሉ። ከኋላችን ያሉት ልጆችም በዚያው ቅጽበት ያንኑ እየተባባሉ ይስቁ ነበር። እንዲህ ባለው ነገር ተመልካቹ ለድራማው አልራራለትም። ወደ መጸዳጃ ቤት ለሚሄድ ሠራተኛ የሚሰጠውን ካርድ ተዋናይቷ አንገቷ ላይ ስታንጠለጥል አንዷ ጮክ ብላ “ወንበሩ ላይ ነው የሚሰቀለው!” አለች፤ ሱፐርቫይዘሩ ደቂቃ ሲቆጥርባት ደግሞ፣ ሐሙስ ዕለት ትንፋሽ ያልተሰማበት ያ ቦታ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

መጀመሪያ ከፋኝ። ድራማው የተበላሸ መሰለኝ። ግን ሳቁን ሳዳምጠው በልጅቷ ላይ የሚሳቅ አልነበረም፤ የሱፐርቫይዘሩን አነጋገር፣ አካሄዱን፣ “ታርጌት! ታርጌት!” የሚልበትን ቅላጼ የሚያውቁ ሰዎች፣ እዚያ ሊስቁበት ያልቻሉትን ሰው እዚህ 200 ብር ከፍለው እየሳቁበት ነበር። ሱፐርቫይዘሩን የሚጫወተው ተዋናይ ይህን ቶሎ የተረዳ ይመስለኛል። ሐሙስ ንግግሩን ሲያጣድፈው የነበረው ሰው እሑድ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ካርዷን ወስዶ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ይሰቅላታል። ይህን ሲያደርግ የተሰማው ጭብጨባ በሁለቱ ቀን ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ነበር።

የደመወዝ ወረቀቱ ትዕይንት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ድራማ ሆነ። ተዋናይቷ ከጠቅላላው ደመወዝ እየቀነሰች ታነብባለች፤ የሥራ ግብር፣ ጡረታ 7 ከመቶ፣ የማኅበር መዋጮ፣ ከዚያ የቀረችበት ቀን፣ ከዚያ የተሰረዘው ጉርሻ። የኋላው ረድፍ አብሯት ይቀንስ ጀመር፤ እሷ ቁጥሩን ሳትናገር በፊት የሚናገሩ ነበሩ። ጉርሻው ጋ ስትደርስ “ይደገም!” ተባለ። በአገራችን ይደገም የሚባለው ለዘፈን ነው፤ ለደመወዝ ወረቀት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ተዋናይቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ተመልካቹን ለጥቂት ጊዜ አየችና ያቺን አንድ መስመር ደገመቻት። ከዚያ የወረደው ጸጥታ ሐሙስ ዕለት ካየሁት ዝምታ ጋር አንድ እንዳልሆነ ገባኝ፤ የሐሙሱ ምናልባት የሐዘን ሳይሆን፣ ቁጥሮቹን እንዴት መስማት እንዳለበት ያላወቀ ሰው ዝምታ ነበር፤ የእኔም ጭምር።

የሐሙሱን አዳራሽ ያስጨበጨበው የመርፌ ዓይን መነባንብ እሑድ ደብዛዛ ሆኖ አለፈ። በእርግጥ ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ግን ከሌሊት ሽፍት የመጣች ልጅ ጫማዋን ሳታወልቅ ይህን ያህል ቤት የሚመታ ነገር ስትናገር ከእኛ ረድፍ አንዷ “እንቅልፍ የላትም እንዴ?” አለች። ደራሲው በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ቋንቋው ይቀነስ ማለቴ አይደለም፤ አዛውንቱ መካኒክ የሚናገሩት ከዚያ ያላነሰ ውበት እያለው ለሁለቱም ተመልካች ደርሷል፤ ምክንያቱም ንግግራቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚጠግኑትን መኪና እያዩ ነው የሚናገሩት። እሳቸው “እኛ ወዛደሮች” ሲሉ ሐሙስ ዕለት በዕድሜ የገፉት በሙሉ ሳቁ፤ ቃሉ የደርግን ዘመን ሰልፍና መፈክር ይዞባቸው መጣ። እሑድ ግን ከኋላችን ያለችው ልጅ ለጓደኛዋ “ወዛደር ምንድን ነው?” አለቻት። አክስቴ ዞር ብለው “አንቺ ነሽ፣ ልጄ” አሏት።

ስለ ተመልካች ይህን ያህል የምጽፈው በርሊን ውስጥ የማውቀው አንድ ታሪክ ስላለ ነው። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ጌርሃርት ሃውፕትማን ሲሌዢያ በተባለው አውራጃ ስለነበሩ ሸማኔዎች አመፅ የጻፈውን “ሸማኔዎቹ” የተሰኘ ድራማ የበርሊን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1892 ለሕዝብ እንዳይታይ ከልክሎ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1893 እገዳው ሲነሣ ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ድራማው ሊታይበት የታሰበው የበርሊኑ ዶይቸስ ቴአተር የመግቢያ ዋጋ ውድ ስለሆነ ሠራተኞች በብዛት ሊገቡ አይችሉም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በዚያው ቴአትር ለሕዝብ ሲታይም ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቪልሄልም ተቆጥቶ በቴአትሩ የነበረውን የንጉሣዊ ሎዥ (ለብቻው የተከለለ መቀመጫ) ኪራይ አቋረጠ። በአጭሩ፣ ስለ ሠራተኛ የሚናገረው ድራማ የተፈቀደው ሠራተኛው አያየውም ተብሎ ነው። እኛ ዘንድ ማንም አልከለከለም፤ ዋጋውም ቢሆን የማይቀመስ አይደለም። ነገር ግን ድራማው በሳምንት ከሚታይባቸው ሦስት ቀናት ሁለቱ በሥራ ቀን 11፡30 ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የፋብሪካ ሠራተኛ ገና የሰርቪስ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው፤ የማታ ተረኛ ከሆነም መግባቱ ነው። ሐሙስ ማታ ወደ አቃቂ የተመለስኩበት የራይድ ሒሳብ ከትኬቱ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ የመግቢያው ዋጋ ብቻውን ማን እንደሚገባ አይወስንም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ዋናው ቅሬታዬ የአስተናባሪዎቹ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ስልክ ያናገሩትን ሰው ዝም ያሉ አስተናባሪዎች፣ እሑድ ከኋላ ረድፍ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ባትሪ እያበሩ በልጆቹ ፊት ላይ ያሳርፉ ነበር። አንዱማ “እዚህ ገበያ አይደለም” አላቸው። ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ የድራማውም ሙቀት አብሮ ወረደ። ተዋናዮቹ ከመድረክ ሆነው የሚያስተናግዱትን ተመልካች ቤቱ ራሱ ሲያሸማቅቀው ማየት ያሳዝናል። ከዚህ ሌላ ያለው የተለመደ ነው፤ የድምፅ ማጉያው በግራ በኩል ይንኮሻኮሻል፣ በእረፍት ጊዜ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሰልፍ እስከ ደረጃው ይደርሳል (የካርዱን ትዕይንት ላየ ሰው ይህም የራሱ ቀልድ አለው)፣ ወንበሮቹ ግን ምቹ ናቸው፣ አዳራሹም ንጹሕ ነው።

ስንወጣ ለሠራተኞች በቡድን የሚሰጥ ቅናሽ እንዳለ መስኮቷ ላይ ያለውን ልጅ ጠየቅሁት። አለ፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ደብዳቤ የያዘ ቡድን በግማሽ ዋጋ ይገባል። የት ተለጥፏል ብዬ ስጠይቀው “አልተለጠፈም፤ የጠየቀ ይነገረዋል” አለኝ። ስድስቱም ልጆች ሙሉ ዋጋ ከፍለው ነው የገቡት። አክስቴ ከልጆቹ የአንዷን ስልክ ተቀበሉ፤ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ እነግራታለሁ ብለው፤ በዘመናቸው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ።

ከውጭ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ የምመክረው ይህን ነው፦ የእሑዱን ትርኢት ይምረጡ፣ ትኬት ከ7 ሰዓት በፊት ይቁረጡ፣ በሰዓቱ ይጀመራል ብለው ቀጠሮ አይያዙ፣ ከፊት ወንበር ይልቅም የኋላውን ይውሰዱ። ከኋላ ተዋናዮቹ ትንሽ ይርቃሉ፣ የግራውን ድምፅ ማጉያ ለመሸሽ ግን የቀኙን ጥግ መያዝ ይበቃል።