ሦስት ኮከብ፦ ሁለቱ ለበሩ፣ አንዱ ለሰዓቱ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ሸሚዛችንን የሚገዛው የውጭ ድርጅት የሠራተኛ አያያዝ የሚመረምሩ ኦዲተሮችን መርጦ ላከብን፤ ሂሳቡን የከፈልነው ግን ተመርማሪዎቹ እኛው ነን። የድርጅታቸውን ስም አልጠራም። ከሌሎች ፋብሪካዎች «እንዴት ናቸው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው የምጽፈው።

በዓይን በሚታየው ነገር እንከን አይወጣላቸውም። አንደኛው ኦዲተር የአደጋ ጊዜ መውጫውን በገዛ እጁ ገፍቶ ካልከፈተ አያምንም። ካርቶን የተደረደረበትን መተላለፊያ በሜትር ለካ፣ የእሳት ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። አለቆቻችን «አበዙት» ብለው አጉረመረሙ፤ እኔ ግን በኦዲተሮቹ አልፈርድም። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ ነበሩ። ኤስኤ 8000 የተባለውን የመልካም የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ካገኘ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። ስለዚህ በር ገፊ ይብዛልን።

ሰነድ ላይም ቀላል ሰዎች አይደሉም። የአሻራ መዝገቡን ከደመወዝ ዝርዝሩ ጋር አስተያይተው፣ አንድ የስፌት መስመር በሳምንት 17 ሰዓት ትርፍ መሥራቱን አወጡ። ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ደነገጥን። ይበለን።

የወደቁት ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። ከመረጧቸው 20 ሠራተኞች አብዛኞቹ ሲዳሙ አፎ እንጂ አማርኛ የማይቀናቸው የገጠር ልጆች ናቸው። ይዘውት የመጡት አስተርጓሚ ደግሞ ቋንቋውን አያውቅም። «እርስዎ ይችላሉ አይደል?» ብለው እኔን አስቀመጡኝ። የቅጣት ደብዳቤ የምጽፈውን እኔን! አንዲት ቁልፍ የምትተክል ልጅ «ሱፐርቫይዘሩ ይሰድብሻል?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ኦዲተሩን ትታ እኔን አየች። «የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» አለች። እንዳለችው ተረጎምኩ። ይህችው ልጅ ከወር በፊት፣ መጸዳጃ ቤት ቆየሽ ተብላ ተሰድባ፣ እያለቀሰች ቢሮዬ መጥታ ነበር። ሪፖርቱ ላይ በስድብና በማዋከብ አንጻር «አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል።

የሚመጡበትም ቀን ከሦስት ሳምንት በፊት ተነግሮናል። መጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ በሄዱ በአራተኛው ቀን ሳሙናው አልነበረም።

የምትጠሯቸው ከሆነ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሠራተኛውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከፋብሪካው ደመወዝ የማይበላ አስተርጓሚ፤ ቃለ መጠይቁም ከግቢ ውጭ፣ ልጆቹ ለአራት ለአምስት ሆነው በሚከራዩት ክፍል ቢሆን። እኔ ለሚቀጥለው ዙር ጠይቄያቸው ነበር። የአንድ ቀን ተጨማሪ ክፍያ አለው ብለው መለሱልኝ፤ ደብዳቤው አሁን ፋይናንስ ክፍል ነው።