ሃንድብሬክ፦ ለድሬ ሰርግ ቪዲዮ የሚበቃ ነፃ ሶፍትዌር

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ ለሙሽሮች ፍላሽ የሚያስረክብ ስቱዲዮ ሁሉ ሃንድብሬክን ቢጭን ይጠቀማል። ኤዲት አያደርግም፣ ዲቪዲም አይጽፍም፤ ያለቀውን ቪዲዮ ግን እንደሚታይበት መሣሪያ ይቀይረዋል።

ለቲቪ ኤምፒ4 ይምረጡ፣ ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን ዘዴ) ኤች 264 ያድርጉት። ኤች 265 ፋይሉን በጣም ያሳንሳል፤ ቆየት ያለ ቲቪ ላይ ግን ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ላይመጣ ይችላል፣ ባለሰርጎቹም ፍላሹ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፍላሹ ላይ ነው። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው እንኳ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የ2 ሰዓት ሰርግ በሰከንድ በ8 ሜጋ ቢት ሲወጣ 7.2 ጊጋ ይሆናል፤ አማካይ ቢትሬቱ (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን፣ በኪሎ ቢት) ላይ 4000 ሲጻፍ ከነድምፁ ወደ 3.7 ጊጋ ይወርዳል። ፍላሹን ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት ፎርማት ማድረግም ያስኬዳል፣ ሁሉም ቲቪ ግን አያነበውም።

ውጭ ላለ ዘመድ በነፃው ቴሌግራም ሲላክ ገደቡ 2 ጊጋ ነው፦ 720 ጥራት፣ 1800 ቢትሬት ይበቃል። «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» ላይም ምልክት ያድርጉ፤ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ መታየት ይጀምራል።

አንድ ከባድ ጉድለት አለው፦ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አይሞክሩት።