ውሃ አፍልቶ 100 ዲግሪ ካሳያችሁ አትግዙት

ለገጣፎ አካባቢ ሳሙና፣ ሎሽንና ክሬም የምታመርቱ፣ አነስ ያለ ላብራቶሪ ያላችሁ፣ የኬሚስትሪ መምህራንም ጭምር፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ያገለገለ የመቅለጫ ነጥብ መለኪያ "ከተዘጋ ላብራቶሪ የወጣ፣ ካሊብሬት የተደረገ" (ልኩ ተፈትሾ የተረጋገጠ ማለቱ ነው) እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። አንድ ወዳጄ ገዝቶ ተሸውዷል። ሰውዬው ጋ ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፤ ገላንና ሰበታ ድረስ በደላላ እያስወራ ነው።

ለማያውቀው፣ ዕቃው ቀላል ነው። በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት፣ ቴርሞሜትር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ማጉያ መነጽር። ዱቄቱን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ትጠቀጥቃላችሁ፤ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከሞላ ይበቃል። ከዚያ እያሞቃችሁ መቅለጥ የጀመረበትንና ቀልጦ ያለቀበትን ዲግሪ ትመዘግባላችሁ። ንጹሕ ነገር ባብዛኛው በአንድ ሁለት ዲግሪ ውስጥ ቀልጦ ያልቃል። ባዕድ ነገር የገባበት ግን ቀድሞ ይጀምርና ይጎተታል። ወዳጄም የፈለገው ለዚሁ ነበር፤ የሚገዛው ጥሬ ዕቃ የተበረዘ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ።

ሻጩ ሁለት "ማረጋገጫ" ያሳያል። አንደኛው የፈላ ውሃ ነው። ቴርሞሜትሩን ከዕቃው ያወጣና በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። 100 ያነባል። "ውሃ በስንት ይፈላል? ሕፃን ልጅ ያውቀዋል" ይላል። ገዢው ራሱን ነቅንቆ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሱሉልታ ብትወጡ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። (ባቄላና ሽምብራ እኛ ሰፈር አልበስል እያለ ከሰል የሚጨርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።) ስለዚህ እዚህ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ 100 ያነበበ ቴርሞሜትር 8 ዲግሪ ያህል ጨምሮ እየዋሸ ነው። ሰውዬው የዕቃውን ጉድ በገዛ እጁ ነው የሚያሳያችሁ።

የወዳጄን ቴርሞሜትር ብርሃን ላይ ይዤ በማጉያው አየሁት። የሜርኩሪው ክር መሃል ላይ ተቆርጧል። ክፍተቱ ስምንት ጭረት ያህላል፣ ልክ ስሕተቱን ያህል። ብዙ የተንገላታ ቴርሞሜትር እንዲህ ይሆናል። በተፈጨ በረዶና ውሃ ውስጥ ስንከተው 0 ማለት ሲገባው 8 አለ።

"ስምንት ዲግሪ ምን አላት" የሚል አይጠፋም። ንጹሕ ቤንዞይክ አሲድ (ክሬም እንዳይበላሽ የሚጨመር ነጭ ዱቄት) በ122 ዲግሪ ይቀልጣል። ተበርዞ 114 ላይ የሚቀልጠውን ይሄ ዕቃ 122 ይልላችኋል። ንጹሑን ደግሞ 130 ይላል። ሌባውን አሳልፎ ንጹሑን የሚያስር ዘበኛ ማለት ነው። ወዳጄ ደህናውን ጥሬ ዕቃ ለአስመጪው ሊመልስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከፍታው የመቅለጫ ነጥቡንም ይቀይረዋል ወይ ካላችሁ፣ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር እዚህም ይሠራል። ግፊት በደንብ የሚነካው መፍላትን ነው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ስኳር ነው። ስኳር ቱቦው ውስጥ ይከትና ሙቀቱን እስከ ጥግ ይለቀዋል። 186 አካባቢ ሲደርስ "ይኸው፣ ጎግል አድርጉት" ይላል። ቁጥሩስ በእርግጥ ተጽፏል። ግን ስኳር ሲሞቅ መቅለጥ ብቻ ሳይሆን ይፈራርሳል። ይቀላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰጠው ቁጥር እንደ አሞቃቀሙ ይለያያል፤ በዝግታ ካሞቃችሁት ዝቅ ይላል፣ ከቸኮላችሁ ከፍ ይላል። ስለዚህ በተፈለገው ቁጥር ላይ እንዲቀልጥ ማድረግ ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። ቫይታሚን ሲም ያው ነው፤ 190 አካባቢ ሲደርስ እየፈረሰ ነው። መፈተኛ የሚሆነው ሳይፈርስ የሚቀልጥ ነገር ነው፣ ለምሳሌ ያው ቤንዞይክ አሲድ። መቅለጫው ሲቃረብ ደግሞ ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ ነው መጨመር ያለበት። ከዚያ ከፈጠነ ንባቡን አትመኑት።

ዕቃው ላይ የተለጠፈው "ካሊብሬትድ" የሚል ስቲከር ቀን የለውም፤ ማን እንደለካውም አይናገርም። እውነተኛ ሰርተፍኬት፣ ከሥነ ልክ ኢንስቲትዩትም ይሁን ከሌላ፣ የለካው አካል ስም፣ ቀኑና የስሕተቱ መጠን ይጻፍበታል። ወዳጄ ደረሰኝም አልተሰጠውም። ሲደውል "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚያነሳ የለም።

ለማየት የምትሄዱ ከሆነ በረዶ በፔርሙዝ ያዙ፣ ቁንጥር ቤንዞይክ አሲድም ከምታምኑት ሰው ውሰዱ። ወዳጄ የገዛው ላይ ብረቱና መነጽሩ ደህና ናቸው። ሌሎቹም እንደዚያ ከሆኑ የአዲስ ቴርሞሜትር ዋጋ አስቀንሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ። የተቆረጠውን ግን እሳት ላይ ይዛችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። ከፈነዳ የሚወጣው ሜርኩሪ ነው፣ ትነቱም መርዝ ነው።